ማጅራቴን ሲያሳክከኝ የከረመው ነገር

ለ14 ወራት ያህል ሌሊት ከእንቅልፌ የምነቃው ጣቶቼ ማጅራቴ ላይ ሆነው ነበር። ነቅቼ አላክም፤ እያከክሁ ነው የምነቃው። ጠዋት መስታወት ፊት ስቆም ከጆሮዎቼ በስተጀርባ ጀምሮ በአንገቴ ግራና ቀኝ ወደ ትከሻዬ የሚወርድ፣ በእጅ ሲዳሰስ እንደ አሸዋ የሚሻክር ሽፍታ አያለሁ። የራስ ቆዳዬ ግን፣ ከሁሉ አብልጦ የሚያሳክከኝ እሱ ሆኖ ሳለ፣ ፀጉሬን ከፍዬ ሳየው ይህ ነው የሚባል ነገር አይታይበትም። የሚያሳክከው አንድ ቦታ፣ ሽፍታው ደምቆ የሚታየው ደግሞ ሌላ ቦታ መሆኑ የእንቆቅልሹ ፍቺ እንደነበር የገባኝ በጣም ዘግይቶ ነው፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ለእኔ ተጨማሪ ግራ መጋባት ብቻ ነበር።

መጀመሪያ የጠረጠርሁት ፎረፎርን ነው። ፎረፎርም ሆነ ከእሱ ጠንከር የሚለው ሴቦሪክ ደርማታይተስ የሚባለው የቆዳ ብግነት ማላሴዢያ ከተባለ፣ በሁላችንም ቆዳ ላይ ከሚኖርና የቆዳን ወዝ ከሚመገብ እርሾ መሰል ፈንገስ ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ ወዝ በሚበዛባቸው ቦታዎች፣ በራስ ቆዳ፣ በቅንድብ፣ በአፍንጫ ግራና ቀኝ፣ እንዲሁም ከጆሮ በስተጀርባ መውጣት ይወዳል፤ ቅርፊቱም ቅባትነት ያለውና ወደ ቢጫነት የሚያደላ ነው። ከመድኃኒት ቤት ፈንገስ የሚያጠፋውን ኬቶኮናዞል 2 ከመቶ የያዘ ሻምፖ ገዝቼ፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ አረፋውን ለ5 ደቂቃ ያህል ራሴ ላይ እያቆየሁ ለ4 ሳምንታት ተጠቀምሁ። ከልብሴ ትከሻ ላይ አራግፈው የነበረው ጥቂት ብናኝ ጠፋ። ማሳከኩ ግን ባለበት ቀጠለ፤ የአንገቴ ሽፍታ እንዲያውም ባሰበት። አሁን ሳስበው ለምን እንደባሰበት ይገባኛል፤ የመድኃኒቱን ሽታ ስለማልወደው፣ ካጠብሁት በኋላ የዘወትር ሻምፖዬን ሁለት ጊዜ እየደጋገምሁ በላዩ ላይ አፈስ ነበር።

ቀጥሎ የመጣው የእህቴ ጥርጣሬ ነው። «አንቺ ልጅ፣ ቅማል እንዳይሆን!» አለችኝ፤ እኔም መልስ ሳልሰጥ ተቆጥቼ ወጣሁ። ቁጣዬ ሲበርድ ግን ነገሩ ያለ ምክንያት እንዳልተነገረ አየሁት፤ ቅማል ከሁሉ ይልቅ የሚወደው ማጅራትንና ከጆሮ በስተጀርባ ያለውን ፀጉር ነው፤ የእኔም ሕመም የተቀመጠው እዚያው ነበር። ስለዚህ ሁለት ምሽት ተከታትላ ፈተሸችኝ። ፀጉሬን አርጥባ ኮንዲሽነር ቀባችው፤ ጥርሱ በደቀቀ ማበጠሪያ ከሥሩ እስከ ጫፉ እየሳበች፣ በእያንዳንዱ ሳብ ማበጠሪያውን ነጭ ወረቀት ላይ ጠረገችው። ቅጫም ከፀጉር ዘንግ ጋር እንደ ሙጫ ስለሚጣበቅ በጣት ሲገፋ አይንሸራተትም፤ ቅርፊት ግን ሲነኩት ይወድቃል። ወረቀቱ ላይ የቀረው ሁሉ የሚወድቅ ዓይነት ነበር። ቅማል አልነበረም፤ እህቴ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ሙሉ በሙሉ ያመነችኝ አይመስለኝም።

በአራተኛው ወር ወደ አንድ ጠቅላላ ሐኪም ሄድሁ። ሐኪሙ አንገቴን ከሩቅ አይተው «ብዙም የቀላ ነገር የለም» አሉኝ። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ብግነት በመማሪያ መጻሕፍት ሥዕሎች ላይ እንደምናየው ቀይ ሆኖ እንደማይወጣ፣ ይልቁንም የጠቆረ፣ ግራጫማ ወይም ወደ ሐምራዊነት ያደላ ሆኖ እንደሚታይ፣ ከቀለሙ ይልቅም በእጅ መዳሰሱና ሙቀቱ ይበልጥ እንደሚናገር ያን ጊዜ ባውቅ ኖሮ እጃቸውን ይዤ አንገቴ ላይ አሳርፈው ነበር። ያም ሆነ ይህ «ችፌ ነው» ብለው ስቴሮይድ ያለበት ቅባት አዘዙልኝ። ቅባቱ ድንቅ ነበር፤ በአምስተኛው ቀን ሌሊቱን ሙሉ ተኛሁ። ባቆምሁት በአሥረኛው ቀን ግን ሁሉም ነገር ወደ ቦታው ተመለሰ። እንዲህ እያልሁ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ አቆምሁ። ስቴሮይድ የብግነቱን እሳት ያጠፋል፤ እሳቱን የሚለኩሰው ነገር በየሳምንቱ ሁለት ጊዜ እስከተመለሰ ድረስ ግን መጨረሻ አይኖረውም። የአንገት ቆዳ ስስ በመሆኑ ጠንካራ ስቴሮይድን ለወራት መቀባት ቆዳውን ያሳሳዋል፤ ይህን የነገረኝ መድኃኒቱን ያዘዘው ሳይሆን የሸጠልኝ ሰው ነው፤ ውለታው አለብኝ።

ከዚያ የደም ምርመራ መጣ። አለርጂ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ደሜ ተወስዶ ኢሚዩኖግሎቡሊን ኢ የተባለው ፀረ እንግዳ አካል ለአቧራ፣ ለአበባ ብናኝና ለልዩ ልዩ ምግቦች ተለካ፤ ሁሉም ነጻ ሆኖ ተገኘ። እኔም «እንግዲያው አለርጂ አይደለም» ብዬ ያን በር ዘጋሁ፤ ከሠራኋቸው ስሕተቶች ሁሉ ብዙ ጊዜ ያባከነብኝ ይህ ነው። አለርጂ በአንድ ስም የሚጠራ ሁለት የተለያየ ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር። አንደኛው ዓይነት በደቂቃዎች ውስጥ የሚያስነጥስ፣ የሚያሳብጥ፣ ትንፋሽ የሚያሳጥር ነው፤ የደም ምርመራውም ሆነ ቆዳን በመርፌ ጫፍ ነካ አድርጎ የሚደረገው ምርመራ የሚፈልጉት እሱን ነው። ሁለተኛው ዓይነት ግን ከፀረ እንግዳ አካላት ጋር ጉዳይ የለውም። ቆዳን የነካው ደቃቅ ኬሚካል ወደ ውስጥ ዘልቆ ከቆዳ ፕሮቲን ጋር ይጣበቃል፤ በቆዳ ውስጥ ያሉ ጠባቂ ሴሎች ይዘውት ወደ ሊምፍ ዕጢ ይሄዳሉ፤ እዚያም ቲ ሴሎች የተባሉት የሰውነት ተከላካይ ሴሎች መልኩን ያጠናሉ። ይህ ጥናት ሳምንታት ወይም ዓመታት ሊፈጅ ይችላል፤ በዚያ ጊዜ ሁሉ በቆዳ ላይ የሚታይ ነገር የለም። አንድ ጊዜ ካጠኑት በኋላ ግን ኬሚካሉ ቆዳን በነካ ቁጥር ተሰብስበው ይመጣሉ፤ መንገዳቸውም ረጅም ነውና የሚደርሱት ከ1 እስከ 3 ቀን ቆይተው ነው። በደሜ ውስጥ ሲፈለግ የነበረው የመጀመሪያው ዓይነት ነበር፤ እኔን ያመመኝ ደግሞ ሁለተኛው።

እዚህ ላይ ስለ ፀጉር ቀለም ልናገር፤ ምክንያቱም ሽበቴን እንደምቀባ የሚያውቅ ሁሉ ጣቱን የቀሰረው ወደ ቀለሙ ነበር። ጥርጣሬው ተገቢ ነው። በጥቁር የፀጉር ቀለሞች ውስጥ የሚገኘው ፓራ-ፌኒሊንዳያሚን ከታወቁት የቆዳ አለርጂ አምጪዎች አንዱ ነው፤ «ጥቁር ሂና» እየተባለ ለጊዜያዊ ንቅሳት በሚቀርበው ውህድ ውስጥም ይገኛል፤ በሂናው የተለከፈ ሰው ከዓመታት በኋላ ፀጉሩን ሲቀባ ፊቱ እስኪነፋ ሊያብጥ ይችላል። እኔ ቀለም መቀባቱን ለ4 ወራት ሙሉ በሙሉ ተውሁት፤ ሽበቴ በሰልፍ ወጣ፤ ማሳከኩ ግን አንድ ቀን እንኳ አልቀነሰም። አንድን ነገር አቁሞ ምንም ለውጥ አለማየት በራሱ ዕውቀት መሆኑን ያን ጊዜ አልተቀበልሁትም፤ ተስፋ የሚያስቆርጥ ብቻ ሆኖ ነበር የታየኝ።

በዘጠነኛው ወር ማስታወሻ መያዝ ጀመርሁ። በየምሽቱ ማሳከኩን ከ0 እስከ 10 ነጥብ እሰጠዋለሁ፤ ከሥሩ የበላሁትን፣ የለበስሁትን፣ የቀባሁትንና የተኛሁበትን ሰዓት እጽፋለሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ገጾቹን ስመለከት አንድ ቀን ጎልቶ ወጣ፤ ማክሰኞ። በየሳምንቱ ማክሰኞ ሌሊት 8 ወይም 9 ነጥብ፤ ቅዳሜ ደግሞ ከእሱ ቀጥሎ። ማክሰኞ በሥራ ቦታዬ ረጅም ስብሰባ የሚደረግበት ቀን ነው። ጭንቀት ቆዳን እንደሚያውክ ከየትም ሰምቻለሁና «በቃ፣ ስብሰባው ነው» አልሁ። የምቀመጥበትን ወንበር ቀየርሁ፤ ባለ ሱፍ ኮሌታ ሹራቤን ተውሁ፤ ማክሰኞን ግን እንደ ጠላት ማየቴን አልተውሁም። ሰው ለሕመሙ ምክንያት ሲፈልግ አስቀድሞ የሚጠላው ነገር ካለ ምክንያቱን ከዚያ ማግኘቱ አይቀርም።

ግምቴን ያፈረሰው አንድ ጉዞ ነው። በተለመደው ጊዜ ራሴን የምታጠበው እሑድና ሐሙስ ነበር። በዚያ ሳምንት ግን በጉዞው ምክንያት ሐሙስን ዘልዬ ዓርብ ማታ ታጠብሁ፤ እሑድንም ሳልታጠብ አሳለፍሁ። ማሳከኩ የከፋው እሑድ ሌሊት ሆነ፤ ማክሰኞ ስብሰባው በቦታው ቢኖርም 3 ነጥብ ብቻ ጻፍሁ። ማስታወሻውን ወደ ኋላ እያገላበጥሁ በየመታጠቢያው ቀን ላይ ክብ ምልክት አደረግሁ፤ ከየክቡ ሁለት ቀን ሲቆጠር ከፍተኛው ቁጥር ይመጣል። ሁለት ቀን! በታጠብሁበት ቀንና በማግስቱ ራሴ ቀለል ስለሚለኝ ሻምፖውን እንደ መድኃኒት ነበር የማየው፤ ሲያሳክከኝም መፍትሔ ብዬ የምሄደው ወደ ገላ መታጠቢያ ነበር።

ከማስታወሻዬ ጋር ወደ አንድ የቆዳ ሐኪም ሄድሁ። ሐኪሙ ደብተሩን ከማየታቸው በፊት ሌላ ሌላ ቦታዬን ማየታቸው መጀመሪያ ገርሞኝ ነበር። ክርኖቼንና ጉልበቶቼን አዩ፤ ሶራያሲስ የተባለው የቆዳ በሽታ ቢሆን ጥርት ያለ ጠርዝና ብር መሰል ወፍራም ቅርፊት እዚያ ይኖረው እንደሆነ፣ ጥፍሮቼም እንደ ልብስ ሰፊ የጣት ቆብ በጥቃቅን ጉድጓድ ተበሳስተው እንደሆነ ለማየት ነው። በጣቶቼ መካከል ያለውን ቆዳ ለእከክ መረመሩ። ፀጉሬ በክብ የተቆረጠበት ወይም የተበጣጠሰበት ቦታ መኖሩን ለጭርት ፈለጉ፤ ይህ ግን ይበልጥ ልጆችን የሚይዝ ነው። የአንገት ሐብል አደርግ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ኒኬል ያለበት ሐብል ሽፍታውን የሚያወጣው ራሱ ባረፈበት መስመር ላይ ነው፤ የእኔ ደግሞ መስመሩ ወደ ታች የሚወርድ እንጂ አንገትን የሚዞር አልነበረም። ከጆሮዬ ሥር ወርደው ያበጡትን ትንንሽ የሊምፍ ዕጢዎች በጣታቸው ዳሰሱ።

ከዚያ «እስኪ ሲታጠቡ ራስዎን እንዴት አድርገው እንደሚይዙ ያሳዩኝ» አሉኝ። ተነሥቼ ቆምሁና ዐይኔ ውስጥ አረፋ እንዳይገባ እንደማደርገው ራሴን ወደ ኋላ ቀና አደረግሁ። ሐኪሙ ምንም ሳይናገሩ በጣታቸው ከጆሮዬ በስተጀርባ ጀምረው በአንገቴ ጎን ወደ ትከሻዬ መስመር አሰመሩ፤ ከዚያም በማጅራቴ በኩል ደገሙት። ጣታቸው የሄደበት ሁሉ ሽፍታው ያለበት ቦታ ነበር። ሽፍታው የውሃውን መንገድ ተከትሎ ወርዷል። ግንባሬና የዐይኔ ቆብ ንጹሕ የሆኑት ራሴን ወደ ኋላ ስለምይዝ ነው፤ ወደ ፊት የሚያጎነብስ ሰው ቢሆን ኖሮ ፊቱ ላይ ይወጣበት ነበር። የራስ ቆዳ ወፍራምና ከሌላው ቆዳ ይልቅ እንዲህ ያለውን አለርጂ የሚቋቋም በመሆኑ ያሳክካል እንጂ ብዙ ጊዜ ሽፍታው ጎልቶ አይታይበትም፤ ዋጋውን የሚከፍለው አረፋው የሚወርድበት ስስ ቆዳ ነው። በ14 ወራት ውስጥ የሰማሁት የመጀመሪያው ማብራሪያ ማሳከኩንና ሽፍታውን በአንድነት የሚይዝ ይህ ነበር።

ግን ግምት ግምት ነው፤ አንድ ሻምፖ ከ20 በላይ ነገሮችን ይይዛል፤ አንዱን ሻምፖ ትቶ ሌላውን መያዝ ጥፋተኛውን ከነስሙ ካላወቁ ዕድል መሞከር ብቻ ነው። ስለዚህ ፓች ቴስት የተባለው ምርመራ ታዘዘልኝ። ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1895 ያስተዋወቀው ጆሴፍ ያዳሶን የተባለ የቆዳ ሐኪም ነው፤ መሠረቱ ዛሬም ያው ነው፤ የተጠረጠረውን ነገር በጥቂቱ ጤነኛ ቆዳ ላይ ማስቀመጥና መጠበቅ። ጀርባዬ ላይ በፕላስተር የተያያዙ፣ እያንዳንዳቸው ከሸሚዝ ቁልፍ የማይበልጡ ትንንሽ የአልሙኒየም ሳህኖች በረድፍ በረድፍ ተለጠፉ፤ በእያንዳንዱ ውስጥ በቫዝሊን ወይም በውሃ የተበረዘ አንድ ኬሚካል አለ፤ ጠርዛቸውም በማይለቅ ቀለም ምልክት ተደረገበት። ምርመራው ከመደረጉ በፊት ለአንድ ሳምንት ጀርባዬን ስቴሮይድ እንዳልቀባ ተነግሮኛል፤ ቆዳው እንዲመልስ የሚፈለገውን መልስ ያፍናልና። ሳህኖቹ ለ48 ሰዓት ይቆያሉ፤ ምልክቶቹ ግን እስከ መጨረሻው ንባብ ድረስ መጥፋት የለባቸውም፤ ስለዚህ ለ4 ቀናት ገላዬን በእርጥብ ጨርቅ እየጠራረግሁ፣ እንዳያልበኝ እየተጠነቀቅሁ ከረምሁ። በተለይ በሁለተኛው ሌሊት፣ ከቀኝ ትከሻዬ አጥንት በታች አንድ ቦታ ብቻ ለብቻው ማቃጠል ሲጀምር የተሰማኝን ደስታ ማንም እብደት ቢለው አልቀየመውም።

በ48ኛው ሰዓት ሳህኖቹ ተነሡና የመጀመሪያው ንባብ ተደረገ፤ ሁለተኛው በ96ኛው ሰዓት። ሁለት ጊዜ የሚነበብበት ምክንያት አለው። ኬሚካሉ ቆዳውን ስላስቆጣው ብቻ የቀላ ቦታ ሳህኑ ከተነሣ በኋላ እየደበዘዘ ይሄዳል፤ እውነተኛ አለርጂ ግን እያደር ይጠነክራል። በመጀመሪያው ንባብ ሦስት ቦታዎች ተነሥተው ነበር፤ በሁለተኛው ንባብ ሁለቱ ጠፍተው አንዱ አብጦ፣ ጥቃቅን ውሃ የቋጠሩ ነጠብጣቦች አውጥቶ ተገኘ። ሁለት የመደመር ምልክት ተጻፈበት፤ ጠንካራ አለርጂ ማለት ነው። የፀጉር ቀለሙ ፓራ-ፌኒሊንዳያሚን ምንም አላሳየም፤ በ4 ወር ሽበት የከፈልሁት መልስ ትክክል ነበር።

ያ ቦታ የተነሣው ለሜቲልአይሶቲያዞሊኖን ነው። ስሙን አጥርቼ ለመጥራት አንድ ሳምንት ፈጅቶብኛል። ሻምፖና ፈሳሽ ሳሙና ውሃ የበዛባቸው ስለሆኑ ባክቴሪያና ሻጋታ እንዳያበላሻቸው መከላከያ ያስፈልጋቸዋል፤ ይህ ኬሚካል የሚጨመረው ለዚያ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ይሠራበት የነበረው ሜቲልክሎሮአይሶቲያዞሊኖን ከተባለው ወንድሙ ጋር፣ ወንድሙ 3 እጅ እሱ 1 እጅ ሆነው ተደባልቀው ነበር፤ በአውሮፓም የድብልቁ ወሰን ከሚሊዮን 15 እጅ ነበር። አለርጂ አብልጦ የሚያመጣው ወንድሙ ነው ስለተባለ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ሜቲልአይሶቲያዞሊኖን ለብቻው በመዋቢያ ምርቶች ውስጥ እንዲገባ ተፈቀደ፤ ለብቻው ሲሆን ጀርሞችን የመግደል ኃይሉ ደካማ በመሆኑ ግን ወሰኑ ከሚሊዮን 100 እጅ ድረስ ከፍ ተደረገለት። በድብልቁ ውስጥ ድርሻው ከሚሊዮን 4 እጅ እንኳ የማይሞላ የነበረው ኬሚካል በአንድ ጊዜ ከ25 እጥፍ በላይ መጨመር ተፈቀደለት ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በየቆዳ ክሊኒኩ የታየውን መገመት አያዳግትም። በንክኪ በሚመጣ የቆዳ ብግነት ላይ የሚሠራው የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 «የዓመቱ አለርጂ አምጪ» ብሎ ሰየመው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2017 ቆዳ ላይ በሚቀሩ ምርቶች ውስጥ እንዳይገባ ከለከለው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ታጥበው በሚወርዱት ውስጥ ወሰኑን ከሚሊዮን ወደ 15 እጅ አወረደው። ደካማውን ወንድም በብዛት መጠቀም ብርቱውን በጥቂቱ ከመጠቀም ይሻላል የሚለው ስሌት ከመነሻው ለቆዳ የተሠራ ስሌት አልነበረም ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

ቤት እንደገባሁ የመታጠቢያ ክፍሉን መደርደሪያ ባዶ አደረግሁት። ሻምፖዎች፣ ኮንዲሽነር፣ የእጅ ፈሳሽ ሳሙና፣ እርጥብ መጥረጊያ፣ በድምሩ 9 ዕቃዎች መሬት ላይ ተደረደሩ፤ በስልኬ ካሜራ ፊደሎቹን እያጎላሁ አነበብሁ። የይዘት ዝርዝር የሚጻፈው ከብዛት ወደ ማነስ ነው፤ ከ1 ከመቶ በታች የሆኑት ግን በየትኛውም ቅደም ተከተል በመጨረሻ ሊቀመጡ ይችላሉ፤ ስለዚህ መከላከያ ኬሚካሎች ሁልጊዜ ዐይን በሚደክምበት በታችኛው መስመር ላይ ናቸው። ከ9ኙ በ6ቱ ላይ አገኘሁት። ከስድስቱ አንዱ፣ ሕመሙ ከጀመረኝ በኋላ «ለስስ ቆዳ» የሚል ጽሑፍ አይቼ በተስፋ የገዛሁት ነበር። ሻምፖ አራት ጊዜ ቀይሬያለሁ፤ አራቱም ሽታቸው፣ ቀለማቸውና ጠርሙሳቸው ይለያይ እንጂ በመጨረሻው መስመር ያው አንድ ስም ነበራቸው። ከሁሉ የደነቀኝ ደግሞ ዋናው ጥፋተኛ ለስድስት ዓመት ያለ አንዳች ችግር የታጠብሁበት ሻምፖ መሆኑ ነው። በዚያ ሁሉ ወር ስመረምር የነበረው አዲስ የገባውን ነገር ነበር፤ ለ6 ዓመት የለመድሁትን ነገር መጠርጠር በሐሳቤም አልመጣም። አለርጂ ግን የሚያድገው በልማድ ነው፤ ቲ ሴሎች የሚያጠኑት ደጋግመው ያዩትን ነው።

ስድስቱን ጠርሙሶች ካስወገድሁ በኋላ በማግስቱ እድናለሁ ብዬ ጠብቄ ከነበረ ተሳስቻለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት እምብዛም ልዩነት አልነበራቸውም። በሦስተኛው የራስ ቆዳዬ ረገበ፤ በስድስተኛው ከጆሮዬ በስተጀርባ ያለው ቆዳ ለስላሳ ሆነ። ማጅራቴ ላይ ያለው አንድ ቦታ ግን፣ የአውራ ጣት ስፋት ያለው፣ ከረጅም ጊዜ ማከክ የተነሣ እንደ ቆዳ ጫማ ወፍሮና መስመር መስመር አውጥቶ፣ ጥፋተኛው ከሄደ በኋላም በራሱ ያሳክክ ነበር። ማከክ ቆዳውን ያወፍራል፤ የወፈረው ቆዳ ደግሞ ያሳክካል፤ በዚህ ደረጃ ኬሚካሉ ባይኖርም እጅ ብቻውን ሕመሙን ማቆየት ይችላል። ሐኪሙ ለአጭር ጊዜ ጠንከር ያለ ስቴሮይድ ሰጡኝና፣ ሌሊት ጥፍሬ እንዳያገኘው ቦታውን በጨርቅ ሸፍኜ እንድተኛ አዘዙኝ። ጥፍሮቼን እስከ ሥጋው ድረስ ቆረጥኋቸው። በአሥረኛው ሳምንት በማስታወሻው ላይ ሰባት ዜሮ በተከታታይ ጻፍሁ።

ከዚያ በአምስተኛው ወር ተመለሰብኝ። ያውም በአንገቴ ብቻ ሳይሆን በዐይን ቆቦቼም ላይ፤ አንድ ጠዋት ሁለቱም ዐይኖቼ አብጠው ነቃሁ። ሻምፖዬን አነበብሁ፤ ንጹሕ ነው። የልብስ ማጠቢያውን አነበብሁ፤ ንጹሕ ነው። ምናልባት ሁለተኛ አለርጂ ጀምሮኝ ይሆን ብዬ በመፍራት ሐኪሙ ዘንድ ስደርስ፣ ገና ከበሩ አይተውኝ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ግድግዳ አስቀብተዋል?»

የመኝታ ክፍሌን ካስቀባሁ ሳምንት ሆኖኝ ነበር። በውሃ የሚበረዝ የግድግዳ ቀለምም እንደ ሻምፖው ሁሉ ውሃ የበዛበት ነውና በቆርቆሮው ውስጥ እንዳይበላሽ ይኸው ኬሚካል ይጨመርበታል፤ ግድግዳው ከደረቀ በኋላም ለሳምንታት ወደ አየር መትነኑን አያቆምም። በአየር የሚመጣ አለርጂ የሚያርፈው ልብስ በማይሸፍነውና ቆዳው በሳሳበት ቦታ ስለሆነ ዐይን ቆቡና አንገቱ ይቀድማሉ። የተረፈውን ቆርቆሮ ከደረጃው ሥር አውጥቼ ጎኑን አነበብሁ፤ በደቃቅ ፊደል ስሙ ተጽፎበታል፤ ከሥሩም የአለርጂ ማስጠንቀቂያ አለበት። ቀለሙን ስመርጥ ግማሽ ቀን ያጠፋሁት ስለ ክሬም ቀለምና ስለ ፈዛዛ ቢጫ ልዩነት ነበር።

ፍራሼን ወደ ሳሎን አወጣሁ፤ የመኝታ ክፍሉን መስኮት ቀን ከፍቼ፣ በሩን ሌሊት ዘግቼ ለ7 ሳምንታት ሶፋው አጠገብ ተኛሁ። እህቴ ለጥየቃ ስትመጣ ግድግዳ የሚያሳክከው ሰው በዘመኗ ዓይታ እንደማታውቅ ነገረችኝ፤ አሁንም በዐይኗ ጫፍ ፀጉሬን ትሰልለው ነበር። በስምንተኛው ሳምንት እሑድ ራሴን ታጥቤ ወደ ክፍሌ ተመለስሁ። ሰኞ ምንም አልነበረም፤ ሰኞ ግን መቼም ቢሆን ምንም ኖሮት አያውቅም። ማክሰኞ ሌሊቱን ሙሉ ተኝቼ ነጋብኝ፤ ስነቃ ሁለቱም እጆቼ ብርድ ልብሱ ውስጥ ነበሩ።